«ጆሮህን እመን» የሚሉህን አትመን

«ጋሼ፣ አራተኛው ይጥማል።»

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋት አልቆጠርኳትም። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጂማት ፈተና የሚዘጋጁ ያገሬን ልጆች ሳስጠና ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀን ባንክ ወይም ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ማታ ደግሞ መኪና የሚነዱ፣ ቢዝነስ ስኩል ገብቼ ኑሮዬን ላሻሽል ብለው የቆረጡ ናቸው። ሒሳብ ሲሰጣቸው ወረቀት አውጥተው፣ ሠርተው፣ ያገኙትን መልሰው አረጋግጠው ነው የሚመልሱት። የዓረፍተ ነገር እርማት ላይ ሲደርሱ ግን እርሳሱ ይቀመጥ ነበር። አምስቱን ምርጫ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡ፣ አንገታቸውን ዜማ እንደሚያዳምጥ ሰው ዘንበል ያደርጉ ነበር፤ ከዚያ «ይጥማል» ይመጣል።

አንዷን ተማሪዬን ለምን ጣመሽ? ስላት፣ «እንጃ ጋሼ፣ ጆሮዬ ላይ ጥሩ ነው» ትለኝ ነበር።

በእሷ አልቆጣም። የምቆጣው እንዲህ ብለው በመከሯት ሰዎች ነው፤ እነሱም ብዙ ናቸው። ፈተናውን ያለፈው የአጎት ልጅ፣ አስጠኚው፣ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዋ፣ ሁሉም የሚሏት አንድ ነው፦ ብዙ አንብቢ፣ ዜና ስሚ፣ ፊልም እዪ፤ ጆሮሽ ሲለምድ ትክክለኛው መልስ ራሱ ይጠራሻል። የዚህ ምክር መንታ ወንድም ደግሞ አለ፤ እሱ ይብሳል። «እንግሊዝኛ አፉን ያልፈታበት ሰው እዚህ ላይ ነጥብ መጣሉ አይቀርም፤ አንቺ በሒሳቡ አካክሺው።» ይህን የሚለው ሰው ተማሪዋን የሚያጽናና ይመስለዋል። እኔ ግን ሁለቱም ሐሰት ናቸው እላለሁ። የዓረፍተ ነገር እርማት የጆሮ ፈተና ሆኖ አያውቅም፤ እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኘ ሰውም በዚህ ጥያቄ ከባለ ቋንቋው የሚያንስበት ምክንያት የለም፤ አንዳንዴ ይልቅ ይበልጠዋል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ጥያቄው ከፊሉ ወይም መላው የተሰመረበት አንድ ዓረፍተ ነገር ያቀርብ ነበር። ከሥሩ አምስት ምርጫ ነበር። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ዋናው ራሱ ነበር፣ ሳይነካ፤ የቀሩት አራቱ የተሰመረበትን በሌላ አጻጻፍ ይተኩ ነበር። ከ2018 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) የቋንቋው ክፍል በ65 ደቂቃ 36 ጥያቄ ነበረው፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ማለት ነው። ሲሶ ያህሉ እርማት ነበር፤ ረጃጅሞቹ ምንባቦች ሰዓት ስለሚበሉ እርማቱ ከዚያም ባጠረ ጊዜ መመለስ ነበረበት። የጆሮ ስብከት የገነነው በዚህ ይመስለኛል። ጆሮ ቶሎ ይፈርዳላ።

ግን ምን ብሎ ነው የሚፈርደው?

በ1991 ካትሪን ቦክ እና ካሮል ሚለር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ይሰማሉ፤ ከዚያ ራሳቸው እንዲጨርሱት ይጠየቃሉ። ከእነዚህ መጀመሪያዎች እጅግ የታወቀው «ዘ ኪይ ቱ ዘ ካቢኔትስ» የሚለው ነው፤ የቁምሳጥኖቹ ቁልፍ። ቁልፉ አንድ ነው። ነገር ግን ካቢኔትስ የሚለው ብዙ ቁጥር ከግሱ አጠገብ ስለ ተቀመጠ፣ አንዳንዶቹ ግሱን ለብዙ አድርገው ዘጉት። እነዚህ ሰዎች ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ናቸው። ጆሯቸው ቅርብ ያለውን ስም ሰማ፤ ሩቅ ያለውን ባለቤት ረሳ።

የፈተናው አዘጋጆች ይህን ድክመት አሳምረው ያውቁታል። ባለቤቱን ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡትና ግሱን ከሁለት መስመር በኋላ ያመጡት ነበር፤ በመካከል አምስት ብዙ ቁጥር ስሞች ይደረድሩ ነበር። አሁን ያንኑ ሐረግ በአማርኛ በሉት፦ «የቁምሳጥኖቹ ቁልፍ ጠፍቷል።» «ጠፍተዋል» የሚል ጤነኛ ሰው የለም። አማርኛ ቁምሳጥኖቹን ወደ ፊት አስቀድሞ ቁልፉን ከግሱ ጎን ያደርገዋልና የሚያሳስተን ነገር የለም። የአሜሪካው ልጅ የሚሰናከልበትን ድንጋይ ያገሬ ልጅ በአእምሮዋ አንዴ ብትገለብጠው መንገዱ ላይ አታገኘውም። ሆኖም ማንም ይህን አይነግራትም፤ የሚነግሯት የአሜሪካውን ልጅ ጆሮ እንድትዋስ ነው። የሚሳሳተውን ጆሮ!

ሌላም አለ። ጂማት ኮምፒዩተሩ እንደ ተፈታኙ ችሎታ ጥያቄውን የሚያከብድ ፈተና ነው። በትክክል በመለስክ ቁጥር የሚቀጥለው ይጠነክራል። ቀላሎቹ ላይ ጆሮ ይሠራል፤ ይህን አልክድም። «ሂ ጎ» የሚለውን ለመጣል ሰዋስው መማር አያስፈልግም። ጥያቄው ሲከብድ ግን የምርጫዎቹ ድምፅ ወይ አምስቱም ጥሩ፣ ወይ አምስቱም የሚቆረቁር ይሆን ነበር፤ ትክክለኛው መልስ ሆን ተብሎ እንዲቆረቁር ተደርጎ ይጻፍ፣ ስሕተቱ ደግሞ ማር ይቀባ ነበር። እንግዲህ ጆሮ የሚያገለግለው በማያስፈልግበት ቦታ፣ የሚከዳውም ነጥቡ በሚወሰንበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለተማሪ አስታጥቆ መላክ ምን ይባላል?

አንድ ምሳሌ ላምጣና እናገላብጠው፤ የራሴ ድርሰት ነው፣ ግን የፈተናው ዓይነት ነው። «ዲስከቨርድ አት ሐዳር ኢን 1974፣ ዶናልድ ጆሃንሰንስ ቲም ኔምድ ዘ ፎሲል ሉሲ።» በአማርኛ፦ በ1974 ሐዳር ላይ ተገኝታ፣ የዶናልድ ጆሃንሰን ቡድን ሉሲ ብሎ ሰየማት። አማርኛው እንከን የለውም። እንግሊዝኛው ግን የሚለው ሌላ ነው፤ ሐዳር ላይ የተገኘው የጆሃንሰን ቡድን ነው ይላል። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ከአፋር አሸዋ ተቆፍረው ወጡ ማለት ነው።

ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። «ተገኝታ» ስንል ሴት፣ አንዲት፣ ሩቅ መሆኗን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ «ተገኝቶ»፣ «ተገኝተው»፣ «ተገኝቼ» ብንል ባለቤቱ ይለወጣል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስም ማንም ይሁን ማን አንደናገርም። «ከቤት ሲወጣ ዝናብ ያዘው» ብንል ዝናቡ ከቤት ወጣ ብሎ የሚረዳ የለም። የእንግሊዝኛው «ዲስከቨርድ» ወይም «ዋኪንግ» ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ጾታ የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ መደብ የለውም። ባለቤት ስለሌለው ከሰረዙ ቀጥሎ በመጀመሪያ ያገኘውን ስም አንገት ይይዛል። ይህ የፈረንጅ ግትርነት አይደለም፤ ቃሉ ሌላ መታወቂያ ስለሌለው ቦታው መታወቂያው ሆነ።

ይህን የተረዳች ተማሪ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዕድሜዋን በሙሉ አትስትም። ያልተረዳችው ግን ሁለት ጆሮ ነው የሚያስታት። አንደኛው የአማርኛ ጆሮዋ ነው፤ «ተገኝታ» ብሎ ተርጉሞ ያሳልፈዋል። ሁለተኛው የተዋሰችው የእንግሊዝኛ ጆሮ ነው፤ እሱም ያሳልፈዋል፣ ምክንያቱም አሜሪካውያን በየዕለቱ ሲናገሩ እንዲህ ይላሉ፣ ጋዜጦቻቸውም አልፎ አልፎ እንዲህ ይጽፋሉ። ስሕተቱን የሚይዘው «ማን ነው የተገኘው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ ዋድላም ይሁን ሌላ፣ የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። «ጆሮህን እመን» ለሚሉት የማቀርበው ትልቁ ማስረጃዬ ይህ ነው። ግዕዝ አፉን የፈታበት ሰው ዛሬ በምድር ላይ የለም፤ ከጠፋም ብዙ መቶ ዓመታት ተቆጥረዋል። የግዕዝ ዜና አይሰማ፣ የግዕዝ ፊልም አይታይ፣ ገበያ ወርዶ በግዕዝ ሽንኩርት የሚገዛ የለ። የቅኔ ተማሪ ግን ግስ ያወርዳል፣ ርባ ቅምሩን ይለያል፣ አገባቡን ያጠናል፣ ከዚያም ማንም ያልተናገረውን አዲስ ነገር በግዕዝ ይቆጥራል። ለየኔታ ሲያቀርብም የሚጠየቀው ባለቤቱ የት አለ፣ ማሰሪያው የትኛው ነው፣ ይህ ዘርፍ ለማን ነው የሚል ነው። «ጆሮዬ ላይ ጣመኝ የኔታ» ያለ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ይገምት። (ዜማው ላይ ጆሮ ሥራ አለው፤ ቤቱ መምታቱን የሚያውቀው እሱ ነው። አገባብ ላይ ግን ድምፅ የለውም።) ባለ ቋንቋ በሌለው ቋንቋ ስንት ምዕት ዓመት ሙሉ ቅኔ የዘረፈ ሕዝብ ልጅ፣ ሰዋስው የአፍ መፍቻ ጸጋ ነው ሲባል አሜን ብሎ መቀመጡ ያስገርመኛል።

አሁን የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «እሺ፣ ጆሮው ይቅር፤ ሕጉን እንሸምድድ» የሚሉ አሉ። ራሳቸውን የጆሮው ወገን ተቃዋሚ አድርገው ይቆጥራሉ። ለእኔ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከማሰብ የሚያመልጡበት መንገድ ነው የሚፈልጉት። የእነዚህኞቹ መጽሐፍ የክልክል ዝርዝር ነው። «ቢኢንግ» የሚል ቃል ካየህ ሰርዝ። ተደራጊ ግስ ካየህ ሰርዝ። ሁለት ምርጫ ከቀረህ አጭሩን ውሰድ። በባለቤትነት የተነገረ ስም ተውላጠ ስም አይቀበልም።

ወደ ሉሲ ልመለስ። የዚያ ዓረፍተ ነገር ትክክለኛ እርማት ከሰረዙ በኋላ ቅሪተ አካሏን ባለቤት አድርጎ «ዋዝ ኔምድ ሉሲ ባይ ዶናልድ ጆሃንሰንስ ቲም» የሚለው ነው። ተደራጊ ግስ! ከዋናውም ይረዝማል! የክልክሉን ዝርዝር የሸመደደው ተማሪ ትክክለኛውን መልስ በሁለት ወንጀል ከስሶ ያባርረዋል፤ ሳይንቲስቶቹን ከአሸዋ የሚቆፍረውን ይሾማል። ሕጉ ከትርጉሙ ሲለይ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ይህ በተማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ፈተና አዘጋጆቹንም አንድ ጊዜ አሳፍሯቸዋል። በ2002 መጸው ለአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተሰጠው ፒኤስኤቲ ውስጥ ስለ ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰን የሚያወራ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። የቶኒ ሞሪሰን ልህቀት እንዲህ እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶችን እንድትጽፍ ያስችላታል የሚል ነው። ትክክለኛው መልስ «ስሕተት የለውም» ነበር። አንድ የሜሪላንድ መምህር ግን ተከራከረ፤ «የቶኒ ሞሪሰን» የሚለው ለልህቀቷ ቅጽል ሆኖ ስለ ገባ «እሷን» የሚለው ተውላጠ ስም የሚያርፍበት ስም የለም አለ። አዘጋጆቹ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ቆይተው በ2003 ጥያቄውን ሰረዙት።

መምህሩ ሕግ ጠቅሶ ረታ። እኔ ግን ያን ዕለት ዳኛ ብሆን አልፈርድለትም ነበር። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሞሪሰን ሌላ ሴት የለችም። «እሷ» ማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ የአሥር ዓመት ልጅ ይመልሳል። አማርኛችን ይህንኑ «ያስችላታል» በሚለው ቃል ውስጥ አንዲት «ታ» ጥሎ ይጨርሰዋል፤ የሚያከራክር ነገርም አላገኘንበትም። ተውላጠ ስም የሚወቀሰው ባለቤቱ ሲጠፋ ወይም ሁለት ባለቤት ሲሻሙበት ነው። ይህ «ሕግ» ግን ዛሬም በየማስጠኛው ይሰበካል፤ ተማሪዎቼም እንደ ውግዘት ይፈሩታል።

ለባላንጣዎቼ አንድ ነገር ልስጣቸው። ኢዲየም የሚባለው፣ ማለትም የትኛው ግስ ከየትኛው መስተዋድድ ጋር ይሄዳል የሚለው፣ በማሰብ አይደረስበትም። «ሪጋርድ» ከ«አዝ» ጋር፣ «ቢትዊን» ከ«አንድ» ጋር መሄዱን ወይ ታውቀዋለህ ወይ አታውቀውም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ሰማይና ምድር መሆናቸውን ለፈረንጅ በሎጂክ ላስረዳው ብል አልችልም፤ ይልመደው። እዚህ ላይ ማንበብም መስማትም ይረዳል፤ ባለ ቋንቋውም ይቀድመናል። ይሁንና ይህ ከጥያቄዎቹ ትንሹ ክፍል ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ እያነሰ ሄዷል። የአዘጋጆቹ ይፋ መጽሐፍ ራሱ እርማቱ የሚለካቸውን ነገሮች ሲዘረዝር ትክክለኛ አገላለጽ፣ ውጤታማ አገላለጽ፣ የቃላት አመራረጥ ይላል። ከሦስቱ ጆሮ የሚገባበት የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱም በከፊል።

ከእርማቱ ጥያቄዎች ሁሉ የሚያስቀኝ የማነጻጸሪያው ነው። «እንደ ኬንያ ሁሉ የኢትዮጵያ ቡናም በወይና ደጋ ይበቅላል» ብል አማርኛ ይቀበለኛል፤ ጎረቤቴም ይቀበለኛል። ኬንያ ግን አገር ነው፣ በወይና ደጋ አይበቅልም። አገር ከቡና ጋር ነው ያነጻጸርኩት፤ መባል የነበረበት «እንደ ኬንያ ቡና» ነው። «አበበ ከከበደ ይበልጥ አልማዝን ይወዳል» ስልስ? ከበደ ተፎካካሪ ነው ወይስ የተጠላ ወዳጅ? በወሬ መካከል ይህ አያስቸግርም፤ የተናጋሪው ፊት ይነግረናል። ጽሑፍ ፊት የለውም። እርማት የሚባለው ጥያቄ ሥራው ይኸው ነበር፤ ወረቀቱ ተናጋሪው በሌለበት ቆሞ መመስከር ይችላል ወይ ብሎ መመርመር።

ነበር እያልኩ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ተነሥቷል። በኅዳር 2023 ጂማት ፎከስ የተባለው አዲሱ ቅጽ መጣ፤ በጥር 2024 መጨረሻ አሮጌው ቀረ። በአዲሱ ላይ የቋንቋው ክፍል በ45 ደቂቃ 23 ጥያቄ ነው፤ ምንባብና የክርክር ምዘና ብቻ። እርማቱ ከድርሰት መጻፊያው ክፍል ጋር ወጣ። ብዙ ሰው እሰይ አለ። ተማሪዎቼም ቡና ጋበዙኝ። የእፎይታው ምክንያት ግን ከድሮው ስሕተት የተወለደ ነው፦ «የጆሮ ጉዳይ ነበር፣ ለባዕድ የማይመች ነበር፣ ሰረዝ መቁጠር ከቢዝነስ ጋር ምን አገናኘው።»

ምን አገናኘው? የሜይን ግዛትን የጭነት ሹፌሮች ጠይቁ።

በሜይን ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸው ሥራዎች ተዘርዝረው ነበር። ምግብን በቆርቆሮ ማሸግ፣ ማቀነባበር፣ ማቆየት፣ ማቀዝቀዝ፣ ማድረቅ፣ ለገበያ ማቅረብ፣ ማከማቸት ይልና መጨረሻ ላይ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ብሎ ይዘጋል። ኦክኸርስት የተባለው የወተት ኩባንያ ሹፌሮች ወተት ያከፋፍላሉ እንጂ አይጠቀልሉም። ጥያቄው እንግዲህ፦ ሕጉ «ለጭነት ወይም ለስርጭት መጠቅለል» ነው የሚለው፣ ወይስ «ለጭነት መጠቅለል፣ ወይም ማሰራጨት»? አማርኛ ቢሆን «ለስርጭት» ወይም «ማሰራጨት» ብሎ ገና ከአፉ ሲወጣ ይለየው ነበር፤ እንግሊዝኛው አልለየም። ጋዜጦች ሁሉ ስለ አንዲት የጎደለች ሰረዝ አወሩ፤ እውነትም ሰረዟ ጎድላ ነበር። ሹፌሮቹ ያነሡት ሌላ ነጥብ ግን የእርማት ጥያቄ አምላኪ ለሆንኩት ለእኔ ከሰረዟ ይጣፍጣል። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሥራዎች ሁሉ በ«ኢንግ» ያልቃሉ፤ «ሺፕመንት» እና «ዲስትሪቢውሽን» ግን በ«ኢንግ» አያልቁም፤ ስለዚህ ሁለቱ እርስ በርስ እኩያ ሆነው «ለ» ለሚለው ቃል ያደሩ ናቸው እንጂ «ዲስትሪቢውሽን» ራሱን የቻለ ሥራ አይደለም። የድሮው ጂማት ተማሪ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ የተጓዳኝነት ጥያቄ ነው። በመጋቢት 2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት ጽሑፉ አሻሚ መሆኑን ተቀበለ፤ አሻሚውንም ለሠራተኛው በሚጠቅም መንገድ ተረጎመ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው 5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ።

ያን ሕግ ካረቀቁትና ካሳለፉት መካከል እንግሊዝኛ አፉን ያልፈታበት ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንብበውታል፤ ጆሯቸው ላይ ጥሩ ነበር። (የኛን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አንሥቼ አላሰለቻችሁም፤ አንድ ግስ ምን እንደሚያመጣ አድዋ የደረሰ ሁሉ ያውቃል።)

ስለዚህ ጥያቄው መነሣቱ ለእኔ እሰይ የሚያሰኝ አይደለም። ፈተናው ወደ ማመዛዘን አደላ ተባለ፤ ከማመዛዘን ጥያቄዎቹ አንዱን አውጥቶ ጥሎ ነው ያደላው። ክርክርን መመዘን ጥሩ ነው። ክርክሩ የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ማን ምን እንዳደረገ በትክክል መናገሩን ሳይመረምሩ ክርክር መመዘን ግን በተዛባ ሚዛን ጤፍ መሸጥ ነው። ለባዕድ ይከብዳል የሚባለውም አያሳምነኝም። ከቀሩት ከሁለቱ የትኛው ነው ለባዕድ የቀለለው? ረጅሙ የእንግሊዝኛ ምንባብ? እርማቱ እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሕጎቹ ውሱን፣ በወራት የሚጠኑ፣ ድሃ ሀብታም ሳይሉ ለሁሉም አንድ የሆኑ። ከሦስቱ የቋንቋ ጥያቄዎች አንድ ትጉህ ስደተኛ በልፋቱ ብቻ ከባለ አገሩ እኩል ሊቆም የሚችልበት በር እሱ ነበር። በሩ ተዘጋ፤ እኛም አጨበጨብን።

የጆሮው ስብከት ግን ከጥያቄው ጋር አልሞተም፤ ወደ ልጆቻችን ወርዷል። አሁን በኮምፒዩተር የሚሰጠው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሥርዓትን የሚጠይቁ ጥያቄዎች አሉት፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የተወለዱት ልጆቻችንም ይፈተኑታል። ለእነሱ «ጆሮህን እመን» ሲባል ደግሞ ጉዳቱ የተለየ ነው። እንግሊዝኛውን አፋቸውን የፈቱበት ስለሆነ ያምናሉ። ከቁምሳጥኖቹ ፊት የሚቆሙት እነሱ ናቸው፤ አባትና እናታቸው በአንድ አማርኛ ዓረፍተ ነገር ሊያሳዩአቸው የሚችሉትን ነገር ደግሞ እቤት ውስጥ የሚጠይቅ የለም፤ ወላጁም «እኔ እንግሊዝኛ ምን አውቃለሁ» ብሎ ይሸሻል።

ባለፈው ወር ያቺ «ይጥማል» የምትለው ተማሪዬ የአሥራ ስድስት ዓመት ወንድሟን ይዛ መጣች። ከኤስኤቲ ልምምዱ አንዱን አቀረብኩለት። አነበበና ትከሻውን ነቀነቀ፤ በእንግሊዝኛ «ሁለተኛው ይሻላል፣ እንዲህ ነው የሚባለው» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እህቱ ወረቀቱን ነጠቀችውና በአማርኛ «ቆይ፣ ባለቤቱ ማን ነው?» አለችው።

የድሮዎቹ የጂማት መጻሕፍት ዛሬ በየአሮጌ መጻሕፍት መሸጫው ከአንድ ሲኒ ቡና በማይበልጥ ዋጋ ይገኛሉ፤ የሚፈልጋቸው የለምና። አንድ ግዙ። የእርማቱን ክፍል ክፈቱ፣ አምስቱን ምርጫ በወረቀት ሸፍኑ፣ ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡና ዋናውን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሱት። ማን እንዳደረገ፣ ምን እንዳደረገ፣ ለማን እንዳደረገ እናንተ ጠይቁት።